ማሽኑ 96 ይላል፣ እናቴ ግን ትንፋሽ አጥሯታል

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ጠያቂዎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ከአንድ ቁጥር ጋር ተጣልተዋል። እንደምታውቁት እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ፤ ባዮሜዲካል ይሉናል። መድኃኒት አላዝም፣ በሽታም አልመረምርም። ማሽኑ ምን እንደሚለካና መቼ መቼ እንደሚቀጥፍ ግን ስፈታና ስገጥም ስለኖርኩ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ የቆየ የሳንባ ሕመም አለባት። ሐኪሟ ጣት ላይ የምትቆነጥጠውን የኦክስጅን መለኪያ ይዘን እቤት እንድንከታተላት ነግሮን ነበር። ትናንት ማታ ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ ብላ ነው ያደረችው። መለኪያው ግን 95፣ 96 ይላል። ወንድሜ «ማሽኑ ደህና ናት ካለ ደህና ናት» አለኝ። ለእኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ማናችን ነን ትክክል? (እንቅልፍ ያጣችው)

መልስ፦ አንቺ ነሽ። ይህን ስታነቢ እናትሽ አሁንም እንደዚያው ከሆነች መጽሔቱን አስቀምጪና ሐኪም ቤት ውሰጃት። የቀረውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።

ያቺ መሣሪያ ኦክስጅን አትለካም። የምትለካው ብርሃን ነው። ከአንደኛው ከንፈሯ ሁለት ዓይነት ብርሃን ትረጫለች፤ አንዱ የምናየው ቀይ ነው፣ ሌላው የማናየው ኢንፍራሬድ። ከማዶ ያለችው ትንሽ ዓይን ደግሞ ጣቱን አልፎ የመጣውን ትቀበላለች። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይባላል። ኦክስጅን የተሸከመውና ባዶውን የሚሄደው ሄሞግሎቢን ሁለቱን ብርሃኖች እኩል አይውጧቸውም፤ ከመቶ ስንቱ ኦክስጅን እንደያዘ የምታሰላው ከዚያ ልዩነት ተነስታ ነው። ሥጋውስ፣ አጥንቱስ፣ ቆዳውስ ብርሃን አይውጥም ወይ ካልሽ፣ ይውጣል፣ ግን እነሱ ባሉበት ናቸው፣ ልብ በመታ ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚለው ደም ወሳጁ ብቻ ስለሆነ እሱን ነጥላ ታያለች። ይህን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ታኩኦ አኦያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። በበኩሌ ከፈታኋቸው መሣሪያዎች ሁሉ የዚህን ያህል በትንሽ ዕቃ ብዙ የሚሠራ አላየሁም።

ችግሩ ቆዳን የሚያጠቁረውም ቀለም ብርሃን መዋጡ ነው። መሣሪያዎቹ ደግሞ ለብዙ ዘመን የተሞከሩት በአብዛኛው ቆዳቸው ነጣ ባለ ሰዎች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ጣት ላይ ያለው መለኪያ ከ92 እስከ 96 እያሳየ፣ በዚያው ሰዓት ከደም ወሳጅ የተቀዳው ደም ሲመረመር ግን ከ88 በታች የሆነው ስንቴ ነው ብለው ቆጠሩ። ከነጮቹ ምርመራ 3.6 በመቶው፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶው። ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በተከታዩ ፌብሩዋሪ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ አወጣ። መሣሪያው ይጣል አላለም፤ ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ አትወስኑ ነው ያለው። ስለዚህ ጠቆር ያልን ሰዎች 95 ስናይ «ከዚህም ሊያንስ ይችላል» ብለን ማንበብ አለብን።

ሌላም ነገር አለ። ደም ማነስ ያለበት ሰው 98 ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩ ያለው ሄሞግሎቢን ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደያዘ ነው እንጂ ሄሞግሎቢኑ ራሱ በቂ ይሁን አይሁን አይናገርም። በከሰል ወይም በጄኔሬተር ጭስ የታፈነ ሰውም እዚያው 98 ላይ ሊገኝ ይችላል፤ መሣሪያዋ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የያዘ ይመስላታል። እዚያ ቤት መስኮት ይከፈታል፣ ሰውየው ይወጣል፣ ቁጥር አይጠበቅም።

ለእቤት ክትትል ይህን አድርጊ። ጣቷ ቀዝቅዞ ከሆነ አሙቂው። የጥፍር ቀለም ካለ ይልቀቅ። እጇ አይንቀሳቀስ። ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቂ። መሣሪያዋ የምታሳየውን የልብ ምት አንቺ አንጓዋን ይዘሽ ከምትቆጥሪው ጋር አስተያዪው፤ ካልተቀራረበ የኦክስጅኑንም ቁጥር አትመኚ። ከሁሉ በፊት ደግሞ እናትሽ ደህና በሆነችበት ቀን ስንት እንደሚል ጻፊ። የቆየ የሳንባ ሕመም ላለበት ለአንዳንዱ ሰው ሐኪሙ ሆን ብሎ ከ88 እስከ 92 ይበቃዋል ሊል ስለሚችል፣ የጎረቤትን 97 እያዩ መደንገጥም የለም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ የግፊት መለኪያ አመጡልኝ። እቤት ስለካ የላይኛው 128፣ 131 ይላል። ክሊኒክ ስሄድ 152። ሐኪሙ መድኃኒት ልጨምር ይላል። የተበላሸው የእኔ ማሽን ነው የእነሱ? አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ቁጭታ ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይሰጠኛል። (ጡረተኛው)

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለቱም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ።

ያን በራሱ የሚነፋ ማሽን ሰዎች ግፊቱን በቀጥታ የሚያይ ይመስላቸዋል። አያይም። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውና የሚነፋው ጨርቅ፣ ካፍ የሚባለው፣ ክንድዎን አጥብቆ ቀስ እያለ ሲለቅ የደም ወሳጁ ትርታ ካፉ ውስጥ ያለውን አየር ይነቀንቀዋል፤ ማሽኑ ያንን ንቅናቄ ይከታተልና የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር በራሱ ቀመር ያሰላል። ቀመሩን እያንዳንዱ አምራች ለራሱ ነው የሚይዘው። እኔ ከፍቼም አላገኘሁትም። ግፊትዎ ራሱ ደግሞ በየትንፋሹ፣ በየሐሳቡ ይለዋወጣል። ሦስቱ ቁጥሮች መለያየታቸው ጤና ነው፤ ሦስቱም አንድ ቢሆኑ ነው እኔ ማሽኑን የምጠረጥረው።

አሁን ክሊኒክ የሚሆነውን ልንገርዎ፣ ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁና። ሰውየው ደረጃ ወጥቶ ይመጣል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ያጣምራል። እጅጌውን ሲጠቀልል ክንዱን አንቆ ይይዘዋል። ክንዱ ጭኑ ላይ ነው፣ ወይም ተንጠልጥሏል። ማሽኑ እየነፋ ነርሷ «መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?» ትለዋለች፣ እሱም ያወራል። ከዚያ 152 ይወጣና ካርድ ላይ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የጆንስ ሆፕኪንስ ጥናት ክንድ ጭን ላይ ሲቀመጥ የላይኛው ቁጥር በ4 ገደማ፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል በ6.5 ከፍ ብሎ እንደሚነበብ አሳይቷል። ካፉ ሲጠብማ ጉድ ነው። ክንዳቸው በጣም ትልቅ የሆነ ሰዎች በመደበኛው ካፍ ሲለኩ ቁጥሩ በአማካይ ወደ 20 ገደማ ይጨምራል፤ ይሄ ደግሞ በ2023 የታየ ነው። በዚያ ላይ ጋውን ሲያዩ ብቻ ግፊታቸው የሚወጣ ሰዎች አሉ። አያፍሩበት፣ ብዙ ሰው ነው።

እቤት ሲለኩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ጀርባዎ ይደገፍ፣ እግርዎ መሬት ይንካ፣ ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ልክ ይቀመጥ። ሽንት ቤት ቀድመው ይሂዱ። ቡናም ሲጋራም ከግማሽ ሰዓት በፊት ያብቃ። አይናገሩ፣ የልጅ ልጅ ቢጠራዎትም። ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በመሐሉ አንድ ደቂቃ እየሰጡ፣ ለ7 ቀን ይለኩና ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ይጣሉት፣ የቀሪውን አማካይ ያውጡ። ሐኪም ቤት 140 በ90 የሚባለው መስመር እቤት 135 በ85 ነው፣ እሱንም ያስቡ። ከዚያ ወረቀቱንም ማሽኑንም ይዘው ሐኪሙ ጋ ይሂዱና እዚያው ከእነሱ ጋር ጎን ለጎን ያስለኩት። መድኃኒቱ ይጨመር አይጨመር እዚያ ይወሰናል። በራስዎ ግን አንድም ክኒን እንዳይተዉ፣ አደራ።

የአንጓ ላይ መለኪያ ከሆነ ያለዎት፣ እጅዎ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ስለሚያብድ የክንዱ ይሻላል። ልባቸው ወጣ ገባ የሚመታ ሰዎች ላይም እነዚህ ማሽኖች ይቸገራሉ።

ጥያቄ፦ ጣት ሳይወጋ ስኳር የሚለካ ስማርት ሰዓት ኢንተርኔት ላይ አየሁ። ልግዛው?

መልስ፦ አትግዛ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ በግልጽ ተናግሯል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰዓት ቁጥር አያሳይም ማለት አይደለም፣ ያሳያል፣ ከየት እንዳመጣው ነው የማይታወቀው። በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን የወጋ ሰው ሊሞት ይችላል። ቆዳ ላይ ተለጥፎ ወደ ሰዓት ቁጥር የሚልክ ሴንሰር ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከቆዳ ሥር የሚገባ ቀጭን ነገር አለው። እሱን ለቀጣዩዋ ጠያቂ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ዓይነት 1 ስኳር አለበት። ክንዱ ላይ ሴንሰር ካደረግንለት ሁለት ወር ሆነው። ሌሊት ስልኬ ይጮህና ስኳሩ ወርዷል፣ 58 ነው ይላል። ሮጬ ሄጄ ጣቱን ስወጋው 104። አንድ ሌሊት ደግሞ ጭራሽ ሳይጮህ ቀርቶ ጠዋት ወርዶ አገኘሁት። ልጣለው ወይ? (የሌሊት ተረኛ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ አትጣይው። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፦ ልጅሽ በየትኛው ጎኑ ነው የሚተኛው? ሴንሰሩ ባለበት ክንድ ላይ ከሆነ መልሱ እዚያው አለ። ሴንሰሩ ደም አይነካም። ቆዳ ሥር፣ በሴሎች መሐል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ነው የሚለካው። ልጁ ሲተኛበት ቦታው ይጨፈለቃል፣ ፈሳሹ እንደልቡ አይንቀሳቀስም፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ገልበጥ ሲል ተመልሶ ይወጣል። ግራፉን ጠዋት ስታዪው ድንገት ገደል የገባ፣ ድንገት ደግሞ የወጣ ከሆነ እሱ ነው። በሚቀጥለው ስትቀይሪ የማይተኛበት ቦታ ላይ ይለጠፍ፤ የትኛው ቦታ እንደሚፈቀድ መመሪያው ላይ አለ።

ከደም ጋር አለመግጠሙም በራሱ ብልሽት አይደለም። ስኳር ከደም ወደዚያ ፈሳሽ እስኪደርስ 5፣ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ስኳሩ ሲረጋ ሁለቱ ይገናኛሉ። በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ግን ሴንሰሩ ያለፈውን ነው የሚያወራው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ቀስት ከቁጥሩ እኩል ተመልከቻት። አዲስ የተለጠፈበት የመጀመሪያ ቀንም ትንሽ ይቀባጥራል። ልጁ የሚሰማውና ሴንሰሩ የሚለው ካልተስማሙ ጣቱን ውጊ፣ ግን እጁ ታጥቦ። ጣፋጭ የነካ ጣት የውሸት 200 ይሰጥሻል። መለኪያ አጠገብሽ ከሌለ ደግሞ ወርዷል ብለሽ ያዢው፣ ሐኪሙ ስኳሩ ሲወርድ እንድትሰጪው ያዘዘልሽን ስጪው። በከፍተኛ መጠን የተወሰደ ቫይታሚን ሲ አንዳንድ ሴንሰሮችን ቁጥር ከፍ እንዲያደርጉ ያሳስታቸዋል፤ እሱንም የያዝሽውን ሴንሰር መመሪያ እዪ።

ያልጮኸበት ሌሊት ነው እኔን ያሳሰበኝ። ስልኩን እንፈትሽ። ስልክሽ ራሱን አድሷል? አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ተገናኝቶበታል? «አትረብሹኝ» የሚለው ነገር በርቷል? መተግበሪያው ከጀርባ ተዘግቷል? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ልክ በዚህ ጉዳይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ሰዎች ስልካቸው ላይ ባለ ቅንብር ምክንያት ማንቂያው ሳይሰማቸው ቀርቶ የተጎዱ ስላሉ ነው። ስልኩ በታደሰ ቁጥር፣ ሌላ ዕቃም በተገናኘ ቁጥር፣ ማንቂያው አሁንም እንደሚጮህ ሞክሪው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጽኑ ሕሙማን ክፍል 4 ቀን ተኝቶ ነበር። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር የእኔ ልብ ቀጥ ይላል። ነርሷ ግን ቀና ብላ አይታ ትሄዳለች። አንዳንዴ ድምፁን ብቻ ታጠፋዋለች። ይሄ ግዴለሽነት አይደለም? (የተቆጣችው)

መልስ፦ ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እዚያ አልነበርኩም።

ግን ይህን ስሚ። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከሚጮኸው ማንቂያ ከ85 እስከ 99 በመቶው ምንም የሕክምና እርምጃ አይፈልግም ተብሎ እንደሚገመት ጽፏል። ታካሚው ስለተገላበጠ፣ ስላሳለ፣ ሽቦ ስለላላ ይጮኻል። ቀኑን ሙሉ በዚያ ጩኸት ውስጥ የሚሠራ ሰው ጆሮው ይደነዝዛል። ስም አለው፣ የማንቂያ ድካም ይባላል። ቀልድም አይደለም። ያው ድርጅት ከጃንዋሪ 2009 እስከ ጁን 2012 ከማንቂያ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ሪፖርት ተደርገውለት 80ው በሞት አልቀዋል። እኔ ጥፋቱን ከነርሷ ይልቅ በእኛው በመሣሪያ ሰዎች ላይ እጥላለሁ። ሞኒተሩን የሠራው፣ የመድኃኒት ፓምፑን የሠራው፣ የመተንፈሻ ማሽኑን የሠራው፣ ሁሉም በክፍሉ ውስጥ የእሱ ዕቃ ብቻ ያለ ይመስል ነው እንዲጮህ ያደረገው።

አንድ ጊዜ «ዝም አልል ያለ ሞኒተር» ብለው ጠሩኝ። የመፍቻ ቦርሳዬን ይዤ ሄድኩ። ቀይ እየበራ ይጮኻል፣ ልብ ቆሟል ይላል። ሰውየው ግን ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ደረቱ ላይ ያሉትን ተለጣፊዎች ነካ አደረግኳቸው። ሁለቱ ጠርዛቸው ተቆልምሟል፣ መሐላቸው ያለው ጄል እንደ ሙጫ ደርቋል። ነርሷ ቆዳውን አጽድታ በአዲስ ቀየረቻቸው። ዝም አለ። ቦርሳዬን ሳልከፍት ተመለስኩ። እስከዚያ ድረስ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ «ልብ ቆሟል» የሚለው ጩኸት ማንንም አያስደነግጥም ነበር፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ሌላ ጊዜ አስታማሚ ብትሆኚ ቀለሙን እዪ። በአብዛኛው ቀይ ማለት አሁኑኑ ማለት ነው፣ ቢጫ ደግሞ ቶሎ እዩት፣ ሰማያዊው ብዙውን ጊዜ የዕቃ ጉዳይ ነው፣ ሽቦ ወጥቷል ዓይነት። ድምፅ የሚያጠፋውን ቁልፍ አንቺ አትንኪ። ነርሷ ስትነካው ለዘለዓለም አላጠፋችውም፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ችግሩ ካለ እንደገና ይጮኻል። «ይሄ ሲጮህ ምን ማለት ነው? እኔስ መቼ ልጥራሽ?» ብለሽ በመጀመሪያው ቀን ጠይቂያት፣ ጥሩ ነርስ ደስ ብሏት ትነግርሻለች። ደግሞ ማሽኑ ዝም ብሎም ቢሆን ባልሽ ላብ ካጠመቀው፣ ግራ ከተጋባ፣ አተነፋፈሱ ከተለወጠ ጩኺ። እሱን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው። ሰዓቴ የልብ ምትህ ወጣ ገባ ነው የሚል መልእክት ላከልኝ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሠላሳ ጊዜ በሰዓቱ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ቅጂ) አነሳለሁ፣ ሁሉም ደህና ይላል። ሥራ መሥራት አቃተኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሠላሳውን ተወው። ሐኪም ጋ የምትወስደው አንዱ ይበቃል።

ሰዓቱ ከሥሩ በሚረጨው አረንጓዴ ብርሃን የደምህን ትርታ ይቆጥራል፤ በትርታዎቹ መሐል ያለው ጊዜ ሥርዓት ሲያጣ ይጠረጥራል። የሚጠረጥረው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን፣ የልብ የላይኛው ክፍሎች ያለ ሥርዓት የሚንቀጠቀጡበትን ሕመም ነው፤ ይህ ሕመም ሳይታወቅ ከቆየ ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ መፈለጉ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የአፕል የልብ ጥናት ከ419 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈው እንዲህ ዓይነት መልእክት የደረሳቸው 0.5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቆየት ብለው ደረት ላይ የሚለጠፍ መቅጃ ያደረጉት ሲታዩ ችግሩ የተገኘው 34 በመቶው ላይ ነበር። መጥቶ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ቀሪዎቹ ሁሉ ነጻ ናቸው ማለት አይደለም፤ መልእክት የደረሰው ሁሉ ታሟል ማለትም አይደለም። መልእክቱ የመጣበትን ሰዓትና የቀዳኸውን ይዘህ ሂድ፣ ሐኪሙ ከፈለገ ለቀናት የሚቀዳ መሣሪያ ያደርግልሃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሰዓቱ የልብ ጥቃትን (ሃርት አታክ)፣ ማለትም የልብ ደም ሥር መዘጋትን አያውቅም። ሐኪም ቤት ያለው ኢሲጂ ልብን በ12 አቅጣጫ ነው የሚያየው፣ ሰዓቱ በአንድ ነው። ደረትህን ሲጨመድድህ ሰዓት አትይ፣ ተነስና ሂድ። ሰዓቱን አልናቅኩትም። ኢሲጂን ለዓለም ያስተዋወቀው የሆላንዳዊው ሳይንቲስት የአይንትሆቨን ማሽን 270 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፣ አምስት ሰው ነበር የሚያንቀሳቅሰው፣ ታካሚውም እጁንና እግሩን ጨው ውኃ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ነበር የሚቀመጠው።

ጥያቄ፦ ደረቴ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ ከገባልኝ 3 ወር ሆኖኛል። ልጆቼ ሞባይሉንም ማይክሮዌቩንም ከለከሉኝ። እውነት ይገድለኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ስልክዎን ይቀበሏቸው። የደረት ኪስ ውስጥ ብቻ አይክተቱት። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ጠንካራ ማግኔት ስላላቸው ከማሽኑ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ ነው የሚባለው፤ ማግኔት በጣም ሲጠጋው ማሽኑ ለጊዜው አሠራሩን ይለውጣል፣ ሲርቅ ይመለሳል። ሲያወሩ ማሽኑ ከሌለበት ወገን ባለው ጆሮዎ ያድርጉት። ደህና የሚሠራ ማይክሮዌቭ ምንም አያደርግዎትም።

ልጆችዎን ለማረጋጋት አንድ ታሪክ ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1958 ስዊድን ውስጥ አርነ ላርሶን ለሚባል ሰው የመጀመሪያው ሰውነት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ ተገጠመለት። መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት የጫማ ቀለም ቆርቆሮን እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቅሞ ነው የሠራው። በሰዓታት ውስጥ ቆመ። ሌላ ገባለት፣ ከዚያም ሌላ፣ በሕይወቱ ከ20 በላይ ማሽን ቀያይሯል። የሞተው በ2001፣ በ86 ዓመቱ ነው። ሠሪውም፣ የገጠመለት ሐኪም ኦኬ ሴኒንግም ቀድመውት ሞቱ።

የተሰጠዎት ካርድ አለ፣ የማሽኑ ዓይነት የተጻፈበት። ቦርሳዎ ውስጥ ያኑሩት። አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ያሳዩት፣ በእጅ የሚፈትሹበትን ዘንግ ደረትዎ ላይ እንዳያቆዩት ይንገሯቸው። ኤምአርአይ (በጠንካራ ማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ) ካዘዙልዎት ደግሞ ክፍሉ ከመግባትዎ በፊት ካርዱን ይስጧቸው፤ አንዳንዱ ማሽን ይፈቀዳል፣ አንዳንዱ አይፈቀድም፣ ያንን የሚያውቁት ከካርዱ ላይ ነው።